የአምስት ሳንቲ ሜትር ዋጋ

የኋላው ሞላ ያለ ብዙ ትግል ወጣ። ቪታራዋ በሻሲዋ ላይ በአራት ማቆሚያ ተደግፋ፣ የኋላ ጎማዎቿ ወልቀው፣ ሾክ አብዞርበሮቿ ከታች በኩል ተፈትተው ነበር። ረዳቱ አክስሉን ከሥር የተሸከመውን ክሪክ ቀስ እያለ ሲያወርደው ሞላው መቀመጫው ላይ ላላ። ልጁ በአንድ እጁ መዝዞ አወጣውና አዲሱ አጠገብ አቆመው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነታቸው ያን ያህል ዓይን ውስጥ አይገባም። አዲሱ የተጠቀለለበት ብረት ወፈር ይላል፤ ቁመቱም በጣት የሚለካ ብልጫ አለው። ባለመኪናው ሜትር አውጥቶ ለካ፤ ደግሞ ለካ።

«ጋሼ፣ ይቺው ናት? እኔ እኮ አሥር ሳንቲ ነበር ያሰብኩት።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «አሥር ከፈለግህ ሌላ መኪና ግዛ፣ ልጄ። ለዚች አምስት ይበቃታል። ከዚያ በላይ ያለውን እኔ አልሠራልህም።»

ባለመኪናው ቀያሽ ነው። ሥራው የሚጀምረው አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ መሣሪያውንና ረዳቱን ጭኖ ጠጠር መንገድ፣ ከዚያም የጋሪ መንገድ፣ አንዳንዴም ምንም መንገድ የሌለበት መስክ ያቋርጣል። የመኪናዋን ሆድ ድንጋይ ሳይነካው የዋለበት ቀን ጥቂት ነው፤ የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓም ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ከሶማሌ ተራ ብዙ በማይርቀው በዚህ ጋራዥ መኪናዋን ከፍ ለማስደረግ የመጣው ለፎቶ ብሎ አይደለም። እኔም ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመከታተል የፈለግሁት በዚሁ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከፍ የተደረጉ ትናንሽ መኪኖች እየተበራከቱ ነው። አንዳንዶቹ በጥሩ እጅ የተሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ከኋላቸው ስነዳ በየመታጠፊያው ልቤን ያንጠለጥሉታል። ትንሽ መኪና ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከሌላ ነገር ላይ ተቀንሶ ነው የሚመጣው፤ ከመረጋጋት፣ ከፍሬን፣ ከመሪ፣ ከሞተር ጉልበት። ትንሽ መኪና ደግሞ የምትቀንሰው ትርፍ የላትም።

ቪታራ ለዚህ ሥራ የተመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣት የመጀመሪያዋ ቪታራ በጃፓን ኤስኩዶ፣ በአሜሪካ ሳይድኪክ ተብላ ተሸጣለች። መልኳ የከተማ መኪና ቢመስልም ከሥር ያለው አሠራር የጂፕ ነው። ሰውነቷ የተቀመጠው ራሱን ችሎ በሚቆም የብረት ሻሲ ላይ ነው። የኋላ አክስሏ ከጎማ እስከ ጎማ ወጥ ነው። ከካምቢዮው ኋላ ደግሞ ሁለተኛ የማርሽ ሳጥን አላት፤ በእሱ አማካይነት የፊት ጎማዎችንም ታስጎትታለች፣ «ሎው» ሲገባ ደግሞ ፍጥነቷን ቀንሳ ጉልበቷን ታበዛለች። በዚያ መጠንና በዚያ ክብደት ይህን ሁሉ የያዘ መኪና ዛሬ ማግኘት ከባድ ነው።

አገራችን ላይ ደግሞ አሮጌዋን ቪታራ ይበልጥ ውድ ያደረጉ ሁለት ነገሮች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ወደ አገር ማስገባትን ከባድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ያለችን ቪታራ ያው ያለችው ናት። ገጠር የሚሠራ ባለሙያ «ሸጬ ትልቅ ጂፕ ልግዛ» ቢል ዋጋው አይቀመስም፤ ያለችውን ማጠናከር ነው አማራጩ። ይህ በመሆኑም ነው አሠራሩ በትክክል እንዲታወቅ የምፈልገው። እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሰው ይጭናሉ።

አሁን ወደ ልኬቱ እንግባ። «መኪናዬ ከፍ አለች» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከሆድ እስከ መሬት ያለውን ክፍተት ነው። በርግጥ ወሳኝ ነው፤ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። መኪና ጉብታ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነካው አፍንጫው ነው፤ አፍንጫው ካለፈ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ሆድ ይመጣል፤ በመጨረሻ ጅራቱ። የባለ አምስት በሯ ቪታራ የፊትና የኋላ ጎማ ማዕከሎች በ2.48 ሜትር ይራራቃሉ። ሆዷ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ብለን ብናሰላ፣ ሳትነካ የምታልፈው የጉብታ ማዕዘን 18 ዲግሪ ገደማ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ሲጨመር ወደ 23 ይደርሳል። ባለ ሦስት በሯ ግን ርቀቷ 2.20 ሜትር ስለሆነ ምንም ሳይጨመርላት 21 ዲግሪ ገደማ ታገኛለች። አጭር መኪና በተፈጥሮው ያለውን ረጅሙ በገንዘብ ነው የሚገዛው። የቀያሹ ባለ አምስት በር ናት፤ ከፓራውልቷ ሥር የተንጠለጠለውን ፕላስቲክ ብቻ አውልቆ መጣል የአፍንጫዋን ማዕዘን በነጻ እንደሚያሻሽለው መካኒኩ ከሁሉም አስቀድሞ ነግሮታል።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር ደግሞ አለ። ሞላ የሚያነሳው ከሞላው በላይ ያለውን ነው፤ ሻሲውን፣ ሰውነቱን፣ ነዳጅ ታንኩን። የኋላው ዲፈረንሻል ግን አክስሉ መሐል ላይ ነው፣ አክስሉ ደግሞ ከሞላው በታች ነው። የፈለገውን ያህል ረጅም ሞላ ቢገባ ያ ድንች የመሰለ ብረት ከመሬት ያለው ርቀት በአንድ ሚሊ ሜትር አይለወጥም። በገጠር መንገዳችን፣ የጭነት መኪና ጎማ ሁለት ቦይ ቆፍሮ መሐሉን ጉብታ አድርጎ በሚተውበት ቦታ፣ መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ እሱ ነው። ዲፈረንሻልን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። የጎማው ቁመት ጭማሪ ግን በሙሉ ሳይሆን በግማሹ ይቆጠራል። በቪታራዋ ላይ የነበረው 205/75 አር 15 ጎማ ቁመቱ 69 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 235/75 አር 15 ቢገባ 73 ከግማሽ ያህል ይሆናል፤ ዲፈረንሻሉ ግን የሚያገኘው ከሁለት ሳንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ትልቁን ጎማ እናግባ» አለ ቀያሹ፤ እኔም በልቤ ያልኩት ይህንኑ ነበር። መካኒኩ ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። 1.6 ሊትር ሞተር በባሕር ጠለል ላይ 95 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። አየር በሚሳሳበት ከፍታ ግን ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ያ 95 ወደ 75 ይወርዳል። ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሐረና ጫካ ወደ ደሎ መና በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትሩ ከጎን ቆሞ በሚታይበት ቦታ፣ ከ60 ብዙም አይበልጥም። በዚህ ላይ ትልቅ ጎማ ማድረግ ሁሉንም ማርሽ በአንድ ጊዜ ማክበድ ነው፤ 235 ሲገባ በስድስት ከመቶ ተኩል ይከብዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ላይሰማ ይችላል። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ግን ሁለተኛ ማርሽ የነበረው አንደኛ ይሆናል፣ ፍሪሲዮን መሽተት ይጀምራል። የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል፤ 100 ሲያሳይ መኪናዋ በ106 እየበረረች ነው።

የተስማሙት በ225/75 አር 15 ነው። ዲፈረንሻሉ አንድ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አገኘ፣ ማርሹ በአራት ከመቶ ገደማ ከበደ። እኔ ምርጫው ትክክል ይመስለኛል። በደጋ አገር የሚነዳ ትንሽ ሞተር ከዚያ በላይ መሸከም የለበትም።

የፊቱ ሥራ ከኋላው ጋር አይወዳደርም። በመጀመሪያዋ ቪታራ የፊት ሞላ እንደ ብዙዎቹ መኪኖች በሾኩ ላይ አልተጠመደም፤ ለብቻው በታችኛው ክንድና በሻሲው መካከል ተጨምቆ ተቀምጧል። ክንዱን ያለ ጥንቃቄ የፈታ ሰው ሞላው ተተኩሶ ይወጣበታል፤ ሰው ሊገድል የሚችል ጉልበት አለው። መካኒኩ መጭመቂያውን አስገብቶ፣ ሞላውን ደግሞ ከሻሲው ጋር በሰንሰለት አስሮ ነው የታችኛውን ቡሎን የነካው። ረዳቱን ከፊት ለፊት አስነሳው። ሁለት ጊዜ «ዞር በል» አለው፤ ሦስተኛውን ጊዜ ሥራውን አቁሞ ልጁ ከጎን እስኪቆም ጠበቀ።

አዲሱ ሞላ ከገባ በኋላ ሌላ ጣጣ ይጀምራል። የፊቱ ዲፈረንሻል በሻሲው በኩል የተያዘ ነው፤ ስለዚህ ሻሲው ከፍ ሲል አብሮ ይወጣል፣ ጎማዎቹ ግን መሬት ላይ ይቀራሉ። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ ጉልበት የሚወስዱት ሴሚያሶች ቀድሞ አግድም የነበሩት አሁን ቁልቁል ይዘቀዘቃሉ። በሁለቱም ጫፍ ያለው ሲቪ ጆይንት ይህን መዘቅዘቅ እስከ ልኩ ይችለዋል፤ ከልኩ ሲያልፍ መሪ ሲዞር መንቀጭቀጭ ይጀምራል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ወጥቶ አቧራ ይገባል። የአሥር ሳንቲ ሜትሩ ሕልም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ለአምስቱ መካኒኩ መፍትሔ አለው፤ ዲፈረንሻሉን የሚይዙት ቦታዎች ላይ በቶርኖ የተሠራ የብረት ማውረጃ አስገብቶ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ከተገኘው ከፍታ ላይ ግማሹን ዲፈረንሻሉ ሥር መልሶ ሰጠ ማለት ነው፤ ሴሚያሶቹ ግን ዕድሜ አገኙ።

ጎማውም ቀጥ ብሎ አልቆመም። ክንዶቹ ወደ ታች ሲንጠለጠሉ የጎማው አናት ወደ ውጭ ዘንበል ይላል። እንዲህ ሆኖ ከተነዳ የጎማው የውጭ ጠርዝ ቶሎ ያልቃል፤ መሪውም ቀጥ ብሎ መሄድ እንቢ ይላል። ጎማ የሚያዘነብለውን ማዕዘን የሚያስተካክል ልዩ ቡሎን አለ፤ ተጠማዝዞ ሲገባ ጎማውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከዚያ አላይመንት ማሽን ላይ መውጣት ግድ ነው። «በዓይኔ አይቼ አስተካክዬዋለሁ» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ አመስግናችሁ ወደ ማሽኑ ሂዱ።

ፍሬኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየጋራዡ ከሚታለፉት ነገሮች ሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከሻሲው ወደ ኋላ አክስል የሚወርድ አንድ ላስቲክ የፍሬን ቱቦ አለ። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ በአራት ጎማዋ ቆማ ሲታይ ቱቦው በቂ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ የኋላ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ አክስሉ ከአዲሱ ሞላ ጋር እስከ መጨረሻው ይንጠለጠላል፤ ቱቦው ይወጠራል። አንድ ቀን ይበጠሳል። መካኒኩ የፈተሸው እንዲህ ነው፤ አክስሉን በአንድ በኩል በክሪክ አንስቶ በሌላው በኩል እስከሚችለው ድረስ አወረደው፣ ከዚያ ቱቦውን በጣቱ ጫን አለው። እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ነበር። በረጅም ተለወጠ።

ሁለተኛው የፍሬን ጉዳይ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። በአንዳንድ ቪታራዎች ላይ ከአክስሉ ወደ ሻሲው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ የያዘ ቫልቭ አለ። ሥራው ጭነትን መለካት ነው፤ መኪናው ሲጫን ኋላው ዝቅ ስለሚል፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሲሆን ኋላው ከፍ ስለሚል ግፊቱን ይቀንሳል፣ የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናው እንዳይሽከረከር። አሁን መኪናዋን አምስት ሳንቲ ሜትር ስናነሳት ቫልቩ ምን ያስባል? «ባዶ ናት» ይላል። ቀያሹ መሣሪያውን፣ ውኃውንና ሁለት ሰው ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላ ፍሬኑ ባዶ መኪና እንደሚይዝ ሆኖ ይይዛል፤ ሸክሙ በሙሉ የፊቱ ላይ ይወድቃል፣ ይግላል፣ ይደክማል። ማስተካከያው በሻሲው በኩል ያለውን የዘንጉን ማያያዣ ከፍታው በተጨመረው ልክ ዝቅ ማድረግ ነው፤ አንዲት የላሜራ ቁራጭና ሁለት ቡሎን። ይህቺን ያላደረገ ጋራዥ ሥራውን አልጨረሰም።

ርካሹን መንገድ የመረጡ መኪኖችም በዚያው ጋራዥ በር ያልፋሉ። በሞላው ጥቅልሎች መካከል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ሽጎጥ አድርጎ «ከፍ አልኩ» የሚል ብዙ ነው። ላስቲኩ የያዛቸው ጥቅልሎች መሥራት ያቆማሉ፤ የቀሩት የእነሱን ድርሻ ጭምር ተሸክመው ይደክማሉ፣ አንዱ ይሰበራል። በቶርኖ የተሠራ ስፔሰር ከሞላው በላይ ማስገባት ይሻላል፤ ነገር ግን ሾኩ አብሮ መርዘም አለበት። አለበለዚያ በየጉድጓዱ ሾኩ ጫፉ ድረስ ተስቦ ይመታል። የአክስሉን መውጣት የሚያስቆመው ላስቲክ ካልወረደ ደግሞ ሞላው እስኪነካካ ይጨመቃል። ከሁሉም የከፋው ብየዳ ነው። የመሪ ዘንግ ወይም የጎማ ክንድ ቆርጦ፣ አስረዝሞ፣ በየዶ መልቀቅ ሰው ላይ መፍረድ ነው። ብየዳው ከውጭ ሲታይ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱ በሙቀቱ የተለወጠበት ቦታ ግን በዓይን አይታይም፣ የሚሰበረውም እዚያው ጎን ነው። እንዲህ የሚሠራ ሰው ሙያተኛ ሊባል አይገባውም።

ከፍታን ከመገልበጥ ጋር የሚያገናኘው ቀላል ሒሳብ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ መኪኖችን በመገልበጥ አደጋ ሲመዝን የሚጠቀምበት ቁጥር አለ፤ በግራና ቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ለስበት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ይካፈላል። የቪታራ ስፋት 1.40 ሜትር ገደማ ነው። ለስሌት ያህል የስበት ማዕከሏ 65 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ብንል ውጤቱ 1.08 ይሆናል። ሞላና ጎማ ተጨምሮ ማዕከሉ 71 ላይ ሲወጣ 0.99 ይሆናል። በአሥር ሳንቲ ሜትር ሞላና በትልቁ ጎማ ወደ 0.92 ይወርዳል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው በመታጠፊያ ላይ ከመንሸራተት ይልቅ መገልበጥ ይቀናዋል። በዚህ ላይ ፖርቶመጋላ ተጭኖበት፣ ፖርቶመጋላው ላይ ስኮርታ ጎማና ሁለት ጀሪካን ነዳጅ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ ክብደት ከሁሉም ከፍተኛው ቦታ ላይ ነው። ከፍ ያደረጉ ሰዎች አብዛኞቹ ደግሞ ወዲያው የሚገዙት ፖርቶመጋላ ነው። ከባዱ ነገር ወለል ላይ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ተጠግቶ፣ ታስሮ ይቀመጥ፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ድንኳንና ፍራሽ ብቻ ይሁን።

ሥራው ካለቀ በኋላ በነሐሴ ወደ በቾ ሜዳ ሄድን፤ ቱሉ ቦሎ ሳይደረስ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ቀያሹ የሚለካው መሬት አለ። የበቾን መረሬ የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ያ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ላዩ ሳሙና ውስጡ ሙጫ ይሆናል። ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅለው ይኸው አፈር ነው፣ መኪና የሚውጠውም እሱው ነው። ቪታራዋ የመጀመሪያውን ቦይ በኩራት አለፈች፤ በፊት ሆዷን የሚመታት ጉብታ ከሥሯ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ቆመች። ጎማው መሐል ያለው ጥርስ በጭቃ ተሞልቶ እንደ ልሙጥ ሲሊንደር ይሽከረከራል። ከፍታዋ አልጎደለባትም፤ የሚይዝ ነገር ነው ያጣችው።

ቀያሹ ወረደና ከአራቱም ጎማ አየር አስወጣ፣ ከ28 ወደ 18 ፒኤስአይ። ጎማው ተለጥጦ መሬቱን በረጅሙ ያዘ፤ ጥርሱ በመተጣጠፉ ጭቃውን ይተፋ ጀመር። ሁለተኛ ማርሽ በሎው፣ ያለ ጩኸት፣ መሪውን ግራ ቀኝ እየቆረጠ ወጣ። ያን ቀን ከገንዘቡ ሁሉ በላይ የሠራለት አየር ማስወጣቱ ነው፤ ከፍ ማድረጉ አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው መለኪያና በመኪና ባትሪ የሚሠራ የአየር መሙያ ነው፤ አስፋልት ላይ ከመመለስ በፊት አየሩ መመለስ አለበትና። ሎውም ሆነ ባለ አራት ጎማ ጉተታው አስፋልት ላይ ሲደረስ ይውጣ፤ የቪታራ የፊትና የኋላ ዘንግ በቀጥታ ስለሚያያዙ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ እርስ በርስ ይታገላሉ።

በመመለሻ ግን መሬቱ ወጣ ገባ በሆነበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ታየ። የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጎማዎች በአንድ ጊዜ አየር ላይ ቀሩ፤ የቀሩት ሁለቱ ቆመው እነዚያ ብቻ ዞሩ። የቪታራ ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲቀር መዞሩን ለእሱ ይሰጣል። ጠንካራው ሞላ ችግሩን አባሰው፤ ለስላሳው የድሮ ሞላ ቢሆን አክስሉ ተንጠልጥሎ ጎማው መሬት ይነካ ነበር። «ጠንካራ ሞላ ለገጠር ይሻላል» የሚለው አባባል ሁልጊዜ ጭነት ለሚይዝ መኪና እንጂ ለሌላው እውነት አይደለም። ሞላ የሚመረጠው መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በሚጭነው ክብደት ነው።

በአቅራቢያው ያሉ ወጣቶች መጥተው ገፉን፤ ከፊት ደግሞ በገመድ ተሳብን። ገመዱን ያሰርነው ከሻሲው ጋር በሚያያዝ መንጠቆ ላይ ነው፤ ፓራውልት ላይ ወይም ተጎታች በሚያዝበት ኳስ ላይ ማሰር በገመድ መሳብ ወቅት ብረቱን ተኩሶ ሰው ይገድላል። ሳብ በሚባልበት ሰዓት ማንም ሰው በገመዱ አቅጣጫ እንዳይቆም ቀያሹ እየዞረ ሁሉንም አስለቀቀ። ይህን ያስተማረው መካኒኩ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሻሲ ላለው መኪና ነው። ራቭ ፎር እ.ኤ.አ. በ1994 ከመጣች ጀምሮ፣ የአሁኗ አዲሷ ቪታራም ጭምር፣ ሰውነትና ሻሲ አንድ የሆኑ መኪኖች ናቸው፤ ሎው የላቸውም፣ የሁሉም ጎማ ሴሚያስ ይዘቀዘቃል። ለእነሱ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ማሰብ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ጥሩ ጎማና ከሞተሩ ሥር የሚታሰር ጠንካራ ላሜራ ይበቃቸዋል። አሁን ከተማውን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸው ወለሉ ሥር ተዘርግቶ ስላለ፣ ያ የሥር መከላከያ ለእነሱ ከምንም ነገር ይቀድማል።

የሕግና የአብሮ ተጓዥ ጉዳይም አለ። ከፍ የተደረገች መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ፍሬኗና መሪዋ እንደማንኛዋም ይለካል፤ ስለዚህ ሥራው በትክክል መሠራት አለበት። ኢንሹራንስ ላለው ሰው ለውጡን በጽሑፍ ማሳወቅ ይበጃል፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመከራከር ይሻላል። የፊት መብራቷ ደግሞ አብሮ ከፍ ስለሚል በማታ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። ግድግዳ ፊት አቁሞ በካቻቢቴ ዝቅ ማድረግ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ በማታ መንገድ ላይ ከሚያበሩብን መኪኖች ስንቱ ይህን አሥር ደቂቃ እንዳልሰጠን አስባለሁ።

ቀያሹ 500 ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ ተመልሶ ጋራዥ ገባ፤ ከመጀመሪያው ስምምነታቸው ነው። መካኒኩ ሥራውን ሲጨርስ በእያንዳንዱ ቡሎንና ዳዶ ላይ በነጭ ቀለም አንዲት መስመር አስምሮ ነበር። አሁን ባትሪ እያበራ አንድ በአንድ አያቸው። ከኋላ ክንድ ቡሎኖች የአንዱ መስመር ከዳዶው መስመር ጋር አልገጠመም፤ ሩብ ዙር ያህል ላልቷል። ጠበቀው፤ የድሮውን መስመር በጨርቅ አጥፍቶ አዲስ አሰመረ። ከዚያ የሞላውን ከፍታ ለካ፤ አዲስ ሞላ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትንሽ ይቀመጣልና አራት ሚሊ ሜትር ወርዶ አገኘው። መኪናዋ ዳግመኛ አላይመንት ማሽን ላይ እንድትወጣ ቀጠሮ ያዘላት። ቀያሹ ለፖርቶመጋላ ብሎ ያስቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ ኮፓው ሥር የሚታሰረውን ላሜራ አዘዘ፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ዘይት ለመለወጥ የሚያስችል ቀዳዳ የተበሳበት።